የአናጢው ቃሬዛ

አናጢውን እናትና አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው ሰው በመንደሩ አልነበረም። ትልቁም ትንሹም ‹‹ጋሽ ሚሊ›› ነው የሚለው። ሠርቶ ያስረከበውን ጠረጴዛ፣ ‹‹አንዱ እግሩ ሁለት ሚሊ ያጥራል›› ብሎ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ፣ የቀረበውን ሳህን አስነስቶ፣ ጠረጴዛውን ተሸክሞ የሚመለስ ሰው ነዋ! ‹‹ኧረ ጋሽ ሚሊ፣ ያንተን ሁለት ሚሊ ፈጣሪም መነጽር ሳያደርግ አያያት!›› ይሉታል። እሱ ግን አይስቅም። ‹‹አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ›› ይልና ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ አውጥቶ ሥራውን ይቀጥላል።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው መጋዙና መላጊያው የተሰቀሉበት፣ ወለሉ ሰጋቱራ የለበሰ መሥሪያው፤ የኋለኛው ደግሞ መኖሪያው። ያ የኋለኛው ክፍል ስንቱን አይቷል! ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሚስቱ በዚያ ወለል ላይ ምጥ ይዟት፣ እሱ የሚያዋልድ ሰው ፍለጋ የሦስት ሰዓት መንገድ ሮጦ ነበር። ሰው ይዞ ሲመለስ የጎረቤት ሴቶች በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው… አንዷም ቀና ብላ ዓይኑን አላየችውም። ከመካከላቸው አንዲቱ በእሱው የሥራ ሸሚዝ የተጠቀለለች ሕፃን አስታቀፈችው። እናቲቱ ግን… አይ! ምን ያደርጋል መናገሩ! አናጢው ያን ቀን አላለቀሰም ይባላል። ሕፃኗን ደረቱ ላይ አጥብቆ፣ ‹‹አንቺን እንደ እናትሽ አልሰጥም። በቁሜ አልሰጥም›› ብሎ ብቻ ማለ።

ሌላ ሚስት አላገባም። ‹‹የእንጀራ እናት አላመጣባትም›› ብሎ፣ ከሣጥን እንጨት አልጋ ሠርቶ፣ ወተት በጠርሙስ አጥብቶ፣ ፀጉሯን እንኳ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል እኩል ለእኩል ከፍሎ እየጎነጎነ አሳደጋት። መንደሩ ‹‹ሚጡ›› አላት፤ ቁመቷ ከአባቷ ከበለጠ በኋላም ሚጡ መባሏ አልቀረም። ኋላ አንድ ግንበኛ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ‹‹እንጨትና ድንጋይ ከተዛመዱ እንግዲህ ቤት ቆመ ማለት ነው!›› እያሉ ጎረቤቶች ቀለዱ። ግንበኛው ወላጅ የሌለው ነበርና በአናጢው ቤት ጎን አንድ ክፍል ቀጥሎ ገባ። ሦስቱም ከአንድ ትሪ የሚበሉ፣ በአንድ ቀልድ የሚስቁ ሆኑ። ዓመት ሳይሞላ ሚጡ አረገዘች። ያኔ በአናጢው ልብ ውስጥ ለሃያ ሁለት ዓመት ተኝቶ የነበረው ፍርሃት ብድግ አለ።

ለነገሩ ምን ያስፈራዋል? ከቤቱ የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ጤና ጣቢያ አለ! መንደርተኛው ከሦስት ዓመት በፊት በገዛ ጉልበቱ የሠራው። ግንበኛው ግድግዳውን አቁሞ፣ አናጢው በርና መስኮቱን ገጥሞ፣ ሴቶቹ አሸዋና ውሃ አመላልሰው… ሹማምንት መጥተው ሪባን ቆረጡ፣ አጨበጨቡ፣ ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም ‹‹በዚህ መንደር ማንም እናት በወሊድ አትሞትም›› ብለው አስጽፈው ሄዱ። አንዲት አዋላጅ ነርስም ተመደበች። አምስት ወር ቆየች፤ በአምስት ወር አሥራ አራት እናቶች አዋለደች፤ አሥራ አራቱም በእግራቸው ቤታቸው ገቡ። በየሳምንቱ ነፍሰ ጡሮቹን ሰብስባ ስታስተምር፣ አናጢው ‹‹ወንበር እጠግናለሁ›› በሚል ሰበብ ከኋላ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ይጥላል። አንድ ቀን ልጄ ትወልዳለች ብሎ ነዋ! ‹‹ደም የሚፈሳት እናት ትተኛ እንጂ ቀና አትበል›› ያለችውን እንደ መሐላ ልቡ ላይ አተመው። የሚቀጥለውን ትምህርት ግን አልሰማም። የሚቀጥል ትምህርት አልነበረማ! ‹‹ከተማ ሆስፒታል ሰው ስላነሰ ለጊዜው ትፈለጋለች›› የሚል ደብዳቤ መጥቶ ወሰዳት። ያ ‹‹ለጊዜው›› ይኸው ሁለት ዓመት አለፈው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የቀሩት አንድ የማዋለጃ አልጋ፣ የሕፃን ሚዛን፣ በፀሐይ የሚሠራ ፍሪጅና አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ናቸው። ጉድ በሉ እንግዲህ! ፍሪጁ ይሠራል። የወላዶች መድኃኒት በየጊዜው በመኪና እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ ወዲህ በሰው ትከሻ ይመጣል፤ ፍሪጁ ውስጥ ይገባል፤ ጊዜው ሲያልፍበት ተቆጥሮ ይወጣል፤ አዲስ ይተካል። ለመድኃኒቱ ተረካቢ አለው፣ ፈራሚ አለው፣ ተቆጣጣሪ አለው። የሚወጋው ሰው ግን የለውም።

ሚጡ ካረገዘች ወዲህ አናጢው ጤና ቢሮ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሰ። በመጀመሪያው ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ከስብሰባው አልተመለሰም። በሦስተኛው ጊዜ ስለ ስብሰባው ሪፖርት እየጻፈ ነበር። ከዚያ ‹‹በእቅድ ተይዟል›› ተባለ፤ ከዚያ ‹‹በሂደት ላይ ነው››፤ ከዚያ ደግሞ ‹‹ባለፈው ምን ብለንዎት ነበር?›› ብለው እሱኑ ጠየቁት። በአሥራ አንደኛው ጊዜ ኃላፊው ትዕግሥቱ አልቆ፣

‹‹አባት፣ የእርስዎ መንደር ብቻ መሰለዎት? ሰው የለንም! አዋላጅ ከየት ልፍጠር?›› አለው።

‹‹ፍጠር አላልኩህም የኔ ጌታ። የወሰዳችኋትን መልሱ ነው ያልኩት።››

‹‹እስከዚያው ማኅበረሰቡ የራሱን አማራጭ ይፈልግ። ጥሩ ቃሬዛ አዘጋጁ። አምቡላንሳችን ወንዙ ማዶ ድረስ ይመጣላችኋል።››

አናጢው ተናዶ ወጣ። መንገዱን ሙሉ እየተነጫነጨ ሄደ። ቤቱ ሲደርስ ግን ንዴቱ ወደ እጁ ወረደ። ቃሬዛ አሉ? ቃሬዛ ያያሉ! ቀድሞ በመንደሩ በሽተኛ የሚጓዘው በሁለት አጣናና በብርድ ልብስ ነበር። እሱ ግን ለሌላ ሥራ ያስቀመጠውን ጠንካራ እንጨት አወጣ፤ ማጋጠሚያውን በኮላና በብሎን አሰረ፤ ወፍራም ሸራ ወጠረ። ሚጡን አልጋ ላይ አስተኝቶ በጀርባዋ ለካት፣ በጎኗ ለካት፣ ጉልበቷን አሳጥፎ ለካት። ወደ ጎን ስትዞር እጇ እንዳይንጠለጠል ብሎ በግራም በቀኝም ጨመረ፤ እንዳትወድቅ ብሎ ግራና ቀኙን መከታ አበጀለት። ሲያልቅ ዘበኛው ዞሮ ዞሮ አይቶት፣ ‹‹ይሄማ የሙሽራ አልጋ ነው! እኔም ልታመም መሰለኝ›› ብሎ ሰዉን አሳቀ። ግንበኛው ብቻ አገጩን እያሻሸ፣ ‹‹አባባ፣ ትንሽ አልሰፋም?›› አለ። አናጢው በኩራት፣ ‹‹አንተ ድንጋይህን እወቅ፣ እንጨቱን ለእኔ ተው። አሥር ሰው ቢቆምበት አይነቃነቅም›› አለው። ግንበኛውም ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ሄደ።

ምጡ የመጣው በማለዳ ነበር። ሚጡ ባልዲ ልታነሳ ጎንበስ ስትል፣ ‹‹አባዬ…›› አለች። በመጀመሪያ የሮጡት ወዴት ነው? ወደ ጤና ጣቢያው! ሰው ተስፋ አይቆርጥማ… ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ አልጋውን በካፖርቱ እጅጌ ጠርጎ ቆመ።

‹‹ጋሽ ሚሊ፣ አልጋው ይኸው። ውሃም ቀድቻለሁ። መድኃኒቱም ሞልቷል። ሰው ነው የሌለኝ።›› ቁልፉን ዘርግቶ አሳየው። ‹‹እኔ የማውቀው በር መክፈትና መዝጋት ነው ወንድሜ።››

ለአምቡላንሱ ተደወለ። ሾፌሩ፣ ‹‹መጣሁ፣ ማዶ እጠብቃችኋለሁ›› አለ። ስድስት ወንዶች ቃሬዛውን አነሱ፤ ግንበኛውና አንዲት ጎረቤት ሴት ጨርቅና ውሃ ይዘው ተከተሉ። እስከ ወንዙ የሁለት ሰዓት ቁልቁለት ነው። ሚጡ መከታውን እየጨበጠች ታምጣለች፤ አባቷ ከጎኗ እየሮጠ ላቧን ይጠርጋል። መንገዱ ሊጋመስ ሲል ምጡ ፋታ ነሳት፤ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር አወረዷት፤ ወንዶቹ ጀርባቸውን አዞሩ፤ ጥቂትም ሳይቆይ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ! ሴት ናት! እነዚያ ስድስት ጎረምሶች እንደ ልጅ ዘለሉ። ግንበኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ሚጡ ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቶ፣ ግን እየሳቀች፣

‹‹አባዬ፣ እስቲ ለካት… ስንት ሚሊ ናት?›› አለችው።

አናጢው ሳቀ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። መሐላው ደረሰ! ልጁ ወለደች፣ ልጁ አለች! ምነው ያቺ ሰዓት እዚያው በቆመች! ምነው ጎረቤቷ ሴት ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ያን ቃል ባልተናገረች! ‹‹ጋሽ ሚሊ… ደሙ አልቆመም።››

ከዚያ በኋላ የሄዱበትን መንገድ መሄድ አይባልም፤ መውደቅ ነው። ነጩ ሸራ ከመሐሉ ቀላ፤ ቅላቱ እየሰፋ ሄደ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ አምቡላንሱን አዩት። የኋላ በሩ ተከፍቶ፣ አልጋው ተስቦ፣ ሾፌሩ ሁለት እጁን እያወዛወዘ… ማዶ፣ ሰላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። መካከል ላይ ያለው ለእግረኛ ብቻ የተሠራው ተንጠልጣይ ድልድይ ነው። የመኪና ድልድይ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ‹‹ይሠራል›› ሲባል የኖረ ነው፤ እሱን ተዉት። የፊተኞቹ ተሸካሚዎች ድልድዩ ላይ ወጡ፤ ቃሬዛው ግን መግቢያው ላይ ካሉት ሁለት የብረት ምሰሶዎች ጋር ተጋጭቶ ቀጥ አለ። አራት ጣት ሰፋ! አራት ጣት ብቻ! አናጢው ልጁን አሥር ጊዜ ለክቷል። ያንን ድልድይ ግን ጣውላ በትከሻው ተሸክሞ ዕድሜ ልኩን ሲያልፍበት አንድም ቀን ለክቶት አያውቅም።

ግንበኛው ጮኸ። ‹‹አባባ፣ ይልቀቁልኝ! በእጄ ታቅፌ ልውሰዳት!››

‹‹አይሆንም! ቀና አትበል ተብሏል! ቀና ካለች ደሟ ያልቃል!››

‹‹እዚህስ እያለቀ አይደለም?!››

‹‹አይሆንም አልኩህ! ያስተማረችኝን አውቃለሁ!››

ወደ ጎን አዘነበሉት፤ ሚጡ ተንሸራተተች፤ መለሱት። በላይ በኩል ሊያሳልፉት ሞከሩ፤ ምሰሶዎቹን የሚያያይዘው ገመድ አላሳልፍ አለ። ‹‹ሰባብሩት!›› አለ አናጢው በመጨረሻ። ድንጋይ አነሱ፤ መቱት፤ ደግመው መቱት። እንጨቱ ጠንካራ ነበር። ማጋጠሚያው ጥብቅ ነበር። አሥር ሰው ቢቆምበት የማይነቃነቅ ነበር! አናጢው የገዛ ሥራውን እየረገመ በድንጋይ ሲቀጠቅጥ ጣቶቹ ደሙ። መጋዙ እቤት፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከማዶ ሾፌሩ ይጮሃል፤ ወንዙ ጩኸቱን ይውጠዋል። ሲጨንቀው ራሱ እየሮጠ ተሻገረ። ‹‹ምን ትጠብቃላችሁ ሰዎች! ተሸክማችሁ አምጧት እንጂ! ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆሜ አየኋችሁ እኮ!›› ሲል አናጢው እጁ ላይ ያለው ድንጋይ ወደቀ። ግማሽ ሰዓት… ግማሽ ሰዓት አለፈ ማለት ነው?

ልጁን ማንም እንዲሸከማት አልፈቀደም። ራሱ ተንበረከከ፤ ጀርባው ላይ አደረጓት፤ ተነሣ። ድልድዩ ይወዛወዛል። ከኋላው ግንበኛው ሕፃኗን ደረቱ ሥር ወሽቆ ይከተላል።

‹‹አባዬ… ከበድኩህ?››

‹‹አንቺ? ምን ክብደት አለሽና።››

‹‹በረደኝ።››

‹‹ደረስን ሚጡዬ፤ ይኸው ደረስን።››

‹‹ልጄን አንተ ነህ የምታሳድጋት፣ እሺ? ፀጉሯን ግን… እንደኔ አታጥብቅባት፤ ያማል።››

‹‹ዝም በይ! አንቺው ትጎነጉኛታለሽ!››

አንገቱ ላይ የተጠመጠሙት እጆች ላሉ። አናጢው ተሰምቶታል። እርምጃውን አፈጠነ።

ሆስፒታል ስትደርስ ትንፋሽ ነበራት። ሐኪሟ እየሮጠች ወጣች፤ የቻለችውን ሁሉ አደረገች፤ ደም ሰጠች፤ መድኃኒት ወጋች… ኋላ ጓንቷን እያወለቀች ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈች። እሷም ወጣት ናት። ‹‹እንደወለደች አንድ መርፌ ብታገኝ ኖሮ…›› አለች። ‹‹አንድ መርፌ። ማንኛዋም አዋላጅ ታውቀዋለች። በየጤና ጣቢያው አለ እኮ!›› አናጢው ‹‹አዎ፣ እኛም ጋ አለ›› አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። ‹‹ፍሪጅ ውስጥ አለ።››

ሚጡ ተቀበረች። በዚያ ቤት ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎችና አንድ ሕፃን ይኖሩበት ነበር፤ የሰው ድምፅ ግን የሕፃኗ ብቻ ነው። ግንበኛው ወተት ያፈላል፤ አናጢው ያጠባል፤ አይነጋገሩም። ግንበኛው የሚናገረው ቃል አጥቶ፣ አናጢው ደግሞ የሚሰማውን ቃል ፈርቶ። መጋዙ ከተሰቀለበት አልወረደም። ቃሬዛውን ሰዎች ወስደው ከጤና ጣቢያው ጀርባ አቁመውት ነበር፤ አናጢው በዚያ በኩል ላለማለፍ ሩቅ መንገድ ይዞራል።

በሁለተኛው ወር ኃላፊው መጣ። አዎ፣ ያው አሥራ አንድ ጊዜ ያመላለሰው ሰው! በእግሩ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ፎቶ አንሺ አስከትሎ። ሐዘኑን ገለጸ። ቀጥሎም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ‹‹አባት፣ የሠሩትን ቃሬዛ በሪፖርት አይተነዋል። ማኅበረሰቡ በራሱ አቅም ያመነጨው መፍትሔ ነው። ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ለሌሎች መንደሮች እንዲሰፋ ተወስኗል። እጀታውን ይዘው አንድ ፎቶ እንድንወስድ ነበር›› አለ።

አናጢው ፊቱን ወደ ሕፃኗ አዞረ። የመለሰው ግንበኛው ነው።

‹‹ድልድዩ ላይ አያልፍም።››

‹‹ምኑ?››

‹‹ምርጥ ተሞክሮው።››

ፎቶ አንሺው መሬት መሬት አየ። ኃላፊው አንድ ሁለት ቃል አጉረምርሞ ሄደ። ያኔ አናጢው መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ ጤና ጣቢያው ገሰገሰ፤ ቃሬዛውን ሊፈልጠው እጁን ሲያነሳ ግንበኛው ከኋላ ደርሶ ያዘው።

‹‹ተወኝ! እኔ ነኝ የገደልኳት! እናቷን እየሮጥኩ አጣኋት፤ እሷን ደግሞ እየለካሁ ገደልኳት! ተወኝ!››

‹‹አባባ…›› አለ ግንበኛው፤ የወጣቱ ፊት በእንባ ታጠበ። ‹‹እኔም እዚያው ነበርኩ እኮ! ጉልበት ነበረኝ። ገፍትሬዎት ልወስዳት እችል ነበር። ‘እሳቸው ያውቃሉ’ ብዬ ቆምኩ። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያልኩት እርስዎን ጠልቼ መሰለዎት? ራሴን ነው የጠላሁት!›› መጥረቢያው ወደቀ። ሁለቱ ሰዎች ተቃቅፈው፣ ‹‹ማንም እናት አትሞትም›› ከሚለው ጽሑፍ ሥር ተንሰቀሰቁ። ዘበኛው ካፖርቱን ፊቱ ላይ አድርጎ ወደ ውስጥ ገባ።

በስድስተኛው ወር አንዲት ልጅ ቦርሳ አንግታ የአናጢውን በር አንኳኳች። የሚጡ እኩያ ትሆናለች። ‹‹አባባ፣ ዘበኛው ልኮኝ ነው። የማዋለጃው ክፍል በር በዝናቡ አብጦ አልከፈት አለኝ›› አለች። አናጢው ሕፃኗን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ።

‹‹አንቺ ማነሽ?››

‹‹አዋላጅ ነኝ። ትናንት ነው የተመደብኩት።››

መላጊያውን ይዞ ተከተላት። ሕፃኗን ለዘበኛው ሰጥቶ በሩን ላገው፤ ከፈተው፤ ዘጋው፤ ደግሞ ከፈተው። ከዚያ ሳያያት ጠየቃት።

‹‹የተመረቅሽው መቼ ነው ልጄ?››

‹‹ሁለት ዓመት አለፈኝ።››

‹‹ታዲያ እስካሁን የት ነበርሽ?››

‹‹እናቴ ቤት›› አለች፣ እንደ ማፈር ብላ። ‹‹ቁጭ ብዬ። ምደባ እየጠበቅኩ። በየወሩ ጤና ቢሮ እሄድ ነበር። ‘ክፍት ቦታ የለም’ ይሉኛል። በር ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ስንት ቀን ዋልኩ መሰለዎት!››

አናጢው መላጊያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ያችን አግዳሚ ወንበር ያውቃታል። አሥራ አንድ ቀን ተቀምጦባታል። አንዳንድ ቀን ከጎኑ ወረቀት የታቀፉ ልጆች ነበሩ፤ ተጠጋግተው ቦታ ለቅቀውለታል፤ ‹‹ፀሐዩ አላስቀምጥ አለ›› ተባብለዋል። ለእሱ ‹‹ሰው የለም›› የተባለው፣ ለእሷ ‹‹ቦታ የለም›› የተባለው፣ በዚያው በአንዱ በር ነው። የሚጡንም የወንበሯንም ነገር ነገራት፤ የትኛው ቀን አብረው እንደተቀመጡ ሁለቱም ሊያስታውሱ ሞከሩ፤ አልቻሉም።

‹‹የአርባ ቀን ዕድሏ ነው›› ይላሉ ሰዎች፣ አናጢውን ሲያጽናኑ። ይሁን እንበል። ፈጣሪ የጻፈውን ማን ይፍቃል? ግን እኮ ያን ‹‹ለጊዜው›› የሚለውን ደብዳቤ ፈጣሪ አልጻፈውም! ያቺን ልጅ እናቷ ቤት ሁለት ዓመት ፈጣሪ አላስቀመጣትም! ሰው የሠራውን ሁሉ ዕድል ላይ እየጫንን፣ ዕድልም መናገር ስለማይችል ዝም ብሎ እየተሸከመልን፣ ስንት ሚጡዎችን ቀበርን? አናጢው ይህን ሁሉ ጥያቄ ለማንም አልጠየቀም፤ ጠይቆ ደክሞታል። ሕፃኗን ከዘበኛው ተቀብሎ ለአዋላጇ ሰጣትና፣ ‹‹እስከ ዛሬ በወጉ የመዘናት ሰው የለም›› አላት። አዋላጇም እንባዋ እየወረደ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠቻት።